ድንኳኑ ከመገዛቱ በፊት እማማን ጠይቋቸው

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለጥምቀት ይመጣል፣ ወር ያህል ይቆያል። እዚያ ቤተሰቡን በመኪና ጭኖ፣ ድንኳን ይዞ፣ ከአንዱ ብሔራዊ ፓርክ ወደ ሌላው እየዞረ ፎቶ ሲልክልን አስጎምጅቶናል። አሁን ደግሞ ‹የእኛስ ሀገር ምን አጣ› ብሎ በ12 ቀን አዋሽን፣ አብያታ ሻላን፣ ባሌን፣ ነጭ ሳርንና ሰሜን ተራሮችን ድንኳን እየተከልን እንድናይ ዕቅድ አውጥቷል። ልጆቼ 13፣ 9 እና 4 ዓመታቸው ነው፤ ከሰሙ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። መካከለኛው ‹ውሻችን ካልሄደ እኔም አልሄድ› ብሏል። ባለቤቴ ግን ‹ቤት እያለን ሜዳ ላይ ምን ያስተኛናል፣ የጅብ እራት ልንሆን ነው ወይ› ይላል። አማቴ አብረውን ይኖራሉ። 71 ዓመታቸው ነው፣ ደም ግፊት አለባቸው። ጥለናቸው መሄድ አይሆንልንም፣ ይዘናቸው መሄድም ፈራን። በየዓመቱ ጻድቃኔ ማርያም ከመሄድ በቀር ጉዞ የሚባል ነገር አያውቁም። እንዴት ብናቅደው ይሻላል? ወይስ ይቅርብን?»
የሦስት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ አይቅርባችሁ። ሂዱ። የወንድምሽን ዕቅድ ግን እንዳለ ይዛችሁ አትሂዱ።

በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ልቤን ነካው፣ ከእሱ ልጀምር። ስለ አማትሽ ስትጽፊ ዕድሜያቸውንና ሕመማቸውን ነገርሽኝ። ጻድቃኔ ማርያም እንደሚሄዱ ግን እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰሽ አለፍሽው። ቆም ብለሽ አስቢው እስቲ። ጻድቃኔ የሚሄድ ሰው ምን ያደርጋል? ስንቁን ቋጥሮ ይወጣል። በንጋት ብርድ ይጠመቃል። ከማያውቀው ሰው ጎን ጋቢውን ተከናንቦ መሬት ላይ ይተኛል። ሌሊት በባትሪ መጸዳጃ ይፈልጋል። ወንድምሽ ፎቶ እያነሳ የሚልክላችሁ ኑሮ ይኸው ነው። ከቤታችሁ ሰው ሁሉ ደጅ ማደር የሚያውቁት እማማ ሳይሆኑ አይቀሩም። ባለቤትሽ ሐሳቡን ተናግሯል፣ ወንድምሽ ተናግሯል፣ የ9 ዓመቱ ልጅ እንኳ ስለ ውሻው አቋም ይዟል። «እማማን ጠየቅናቸው» የሚል ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቡና አፍልታችሁ ጠይቋቸው። «ይችላሉ ወይ?» አትበሏቸው፤ እንዲህ ሲባሉ ላለማስቸገር ብለው «እኔ ልቅር፣ እናንተ ሂዱ» ይላሉ። «ከእኛ ጋር ሲሄዱ ምን ቢኖር ይመችዎታል?» በሏቸው። አንድ ሰው ብቻውን የሚቀመጥበት ወንበር ይላሉ። ሌሊት የምታስነሳቸው የልጅ ልጅ ይላሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙበት ከተማ ይላሉ። መልሳቸው ግማሹን ዕቅድ ይሠራላችኋል። የቤተሰብ ረጅም ጉዞ በትልቋና በትንሿ ልክ ሲሰፋ ነው ለሁሉም የሚበቃው። ለእማማና ለ4 ዓመቷ የተመቸ ቀን ለወንድምሽም ይመቸዋል። ለወንድምሽ ብቻ የተመቸ ቀን ግን ሦስተኛው ማታ ላይ ልጅ ያስለቅሳል፣ ባልና ሚስት ያኮራርፋል።

ሐኪም ጋ መሄድ ግን ግድ ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግፊታቸውን አስለኩ፤ ቆላም ከፍተኛ ደጋም እንደምትሄዱ ተናገሩ። መድኃኒቱን ለሙሉ ጉዞው ከነትርፉ ግዙ፣ ሁለት ቦታም ክፈሉት፤ ግማሹ በእሳቸው ቦርሳ፣ ግማሹ በአንቺ። ሐኪሙ «አይሆንም» ካለ ክርክር የለም። ያኔ ጉዞውን አሳጥራችሁ እሳቸው አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ይቆያሉ።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ፍላጎቱን በጣም እወድለታለሁ። ልጆቹ ሀገራቸውን በእግራቸው ረግጠው እንዲያውቋት የሚፈልግ አጎት ማግኘት ዕድል ነው። አምስት ፓርክ በ12 ቀን ግን አይሆንም። ካርታ ዘርግታችሁ እዩት። ሰሜን ተራሮች ከጎንደር አልፎ ደባርቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ እንኳ ቢቆጠር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነጭ ሳር አርባ ምንጭ ነው፤ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ካጣመራችሁ ልጆቹ የሚያስታውሱት የመኪናውን ወንበር ጀርባ ይሆናል።

እሱ የለመደው ሀገር ይህን ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ የድንኳኑ ቦታ ቁጥር አለው፣ ከወራት በፊት በኢንተርኔት ይያዛል፣ ጠረጴዛውና እሳት ማንደጃው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የእኛ ፓርኮች ከተከለሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፍ ቢላቸው ነው። እዚህ ቀድሞ መደወል አለ፣ በር ላይ መክፈል አለ፣ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ይዞ መግባት አለ፣ ውሃውንም ራስ ተሸክሞ ነው። እዚያ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ነገር እዚህ ቀን ይፈጃል። ይህን ማማረር አያስፈልግም፣ ቀኑን ጨምሮ መያዝ ነው።

ስለዚህ ሰሜን ተራሮችንና ነጭ ሳርን ለሌላ ዓመት አቆዩአቸው። የቀሩት ሦስቱ በአንድ ክብ መንገድ ላይ ይገጥማሉ፣ ወደ ኋላ መመለስም ብዙ የለበትም። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በፍጥነት መንገዱ አዳማ። እዚያ ሆቴል እደሩ። በመጀመሪያው ማታ ድንኳን አትትከሉ፣ ሁሉም ደክሞታል። በማግስቱ በጠዋት ተነስታችሁ በመተሐራ በኩል አዋሽ ፓርክ፤ ሁለት ሌሊት። ከዚያ ወደ አዳማ ተመልሳችሁ በአሰላ መንገድ ወደ ደቡብ ታጠፉ፣ አሰላ እደሩ። በበቆጂ በኩል ስታልፉ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ የወጡበት አገር ነው። ቆማችሁ ያንን አየር ይሩጡበት። ከዚያ በዶዶላና በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ፣ ባሌ ተራሮች፤ እዚያ ሦስት ሌሊት። ስትመለሱ በሻሸመኔ መስመር ወጥታችሁ አብያታ ሻላና ላንጋኖ፤ ሁለት ሌሊት። የመጨረሻዋ ሌሊት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት፣ ልብስ አጥባችሁ፣ ገላ ታጥባችሁ። ሲደመር 11 ቀን ነው። የ12ኛው ቀን ለብልሽት፣ ለዝናብ ወይም ለስንፍና ይቀመጥ።

ወሩን ወንድምሽ ሳያስበው ጥሩ መርጧል። ከጥምቀት በኋላ ጭቃ የለም፣ የአዋሽ ሙቀትም ገና አልበረታም፣ ልጆቹም የመንፈቅ ዓመት ፈተና ጨርሰው ትንሽ እረፍት ያገኛሉ። የገና ጾም አልፏል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ጾመ ነነዌም በመሀል ልትገባ ስለምትችል ቀኗን ቀድማችሁ እዩ። እማማ ስለሚጾሙ ስንቁ ሲቋጠር የጾሙ ለብቻው ይቋጠር።

የመንገድ ሰላም ነገር አለ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እናንተን መዋሸት ይሆንብኛል። አሁን ባለንበት ጊዜ መንገድ ከቀን ቀን ይለያያል፣ ከሰሜን ሸዋ ለሚነሳ ሰው ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በየጠዋቱ ሳትነሱ መናኸሪያ ጠይቁ፤ ከዚያው መስመር ማታ የገባ ሹፌር ከማንም በላይ ያውቃል። የምትሄዱበት ፓርክ ቢሮም ደውሉ። ማንም በሙሉ ልብ «ሰላም ነው» ካላላችሁ አትንቀሳቀሱ። የአሰላው መስመር ካላስተማመነ በሻሸመኔ ሄዳችሁ በዚያው መመለስ ትችላላችሁ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መኪናው መንገድ ላይ አይገኝ። ይህችን ሥራ ለባለቤትሽ ስጡት፤ «ዛሬ እንሂድ፣ ዛሬ እንቅር» የማለት ሙሉ ሥልጣን ይኑረው፣ ወንድምሽም ይቀበለው። እሱ ያነሳው ፍርሃት የጅብ ይምሰል እንጂ ቤተሰቡን በደህና አስገብቶ በደህና የመመለስ ኃላፊነት ነው። ያ ኃላፊነት በእጁ ሲሆን ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል።

ከሁሉም በፊት ግን አንዲት አዳር አለቻችሁ። ወንድምሽ መጥቶ ጥቂት ቀን ካረፈ በኋላ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ መንዝ ጓሳ ሄዳችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። ከእናንተ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በጣርማ በር ዋሻው ሳትገቡ ወደ ግራ ታጥፋችሁ፣ ገደሉን በቀኝ እያያችሁ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ነው። ማደሪያውንም የድንኳን ቦታውንም የሚያስተዳድረው የአካባቢው ሕዝብ ስለሆነ የምትከፍሉት እዚያው ይቀራል። ስካውትም ይሰጧችኋል።

ጓሳን የምመርጠው ስለቀረበ ብቻ አይደለም። ልጆቻችሁ ሊያውቁት የሚገባ የገዛ አገራቸው ታሪክ ነው። «ፓርክ» የሚለው ነገር እኛ ጋ ሳይደርስ በፊት፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ የመንዝ ሰው ያንን ሣር በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። አቅኚ አባቶች ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ የወረደ ሥርዓት ነው። ቦታው ለዓመታት ይዘጋል። ማንም አያግድበትም፣ ማንም አያጭድበትም። ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነው ጓሳ በደንብ ይታጨዳል፣ እንደገና ይዘጋል። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። የ13 ዓመቷ ይህን ከእማማ አፍ ብትሰማው ከእኔ ጽሑፍ ይበልጥባታል። ገሳ ለብሶ ከብት ያገደ ዘመድ በእናንተ ቤት አይጠፋም።

ጠዋት ላይ ጭላዳዎቹ ያደሩበትን ገደል ወጥተው ሜዳው ላይ ይበተናሉ። እንደ ሌላው ዝንጀሮ ምግብ ፍለጋ አይዘሉም፤ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ፣ ሳይነሱም በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። የነጩት ሣር ድምፁ ይሰማል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል። ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። አንድ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ትንሿ ልጅ ከእነሱ ጋር መንፏቀቅ ትጀምራለች። ምግብ ግን በፍጹም አትስጧቸው።

ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ በጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። እንግዲህ የማደሪያ ዕቃችሁ የሚፈተነው እዚህ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ አይሰበክለትም። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ድንኳን ውስጥ ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው። አራት ብርድ ልብስ ደርበሽ ከሥርሽ ቀጭን ሸራ ብቻ ካለ ሌሊቱን ሙሉ ትንቀጠቀጫለሽ። ስለዚህ ከላይ ከምትጨምሩ ከሥር ጨምሩ። መጀመሪያ ላስቲክ፣ ቀጥሎ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ከላዩ አጎዛ። ከውጭ የሚመጣ ውድ ፍራሽ አጎዛን አይተካም፤ የበጉ ጸጉር ሙቀት ይይዛል። ለላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስና የመንዝ ባና ካላችሁ ጨርሳችኋል። ለልጆቹ ሞቅ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራቸው ሥር አድርጉ። የፈላ አይሁን፣ ላስቲኩን ያቀልጠዋል። የድንኳኑን አየር ማስገቢያም አትድፈኑ፣ የራሳችሁ ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብባችኋል።

ይህችን ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። «ፍም ሆኗል፣ ጭሱ ወጥቷል» አይባልም። «ለአምስት ደቂቃ ብቻ እናሙቀው» አይባልም። የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ድንኳን ከቤትም ይጠባል፣ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሳያውቀው ያልፋል። በብርድ አገር የተወለድን ሰዎች ምድጃውን ወደ መኝታ ማስጠጋት ልማዳችን ስለሆነ ነው አጥብቄ የምለምናችሁ። ቡታጋዙም ቢሆን ውጭ ነው የሚቀጣጠለው። የበረደው ሰው ይነሳ፣ ይልበስ፣ ትኩስ ሻይ ውጭ ይጠጣ፣ ይመለስ።

ከጓሳ ስትመለሱ ሁሉም ሰው አንድ የተመቸውንና አንድ ያልተመቸውን ይናገር። ያልተመቸው ነገር አዋሽ ሳትደርሱ ይስተካከላል። ምናልባት እማማ «ለእኔስ አልጋ ይሻለኛል» ይሉ ይሆናል። ምንም ችግር የለውም። ዲንሾ ፓርኩ ውስጥ ማደሪያ ቤት አለ፣ ላንጋኖም ሎጅ ሞልቷል። እሳቸው አልጋ ላይ ከአንዷ የልጅ ልጅ ጋር፣ እናንተ ድንኳን ውስጥ። ቤተሰብ ሁሉ አንድ ድንኳን ውስጥ ካልታጨቀ ጉዞ አይደለም ያለ የለም።

አዋሽ ፈጽሞ ሌላ ዓለም ነው። ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ሳላውን፣ ከርከሮውን፣ ፏፏቴውን ለማየት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው የሚሻለው፤ ቀትር ላይ እንስሳውም ሰውም ጥላ ሥር ነው። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን እስከ 5 ሊትር አስቡ። ሰባት ናችሁ፤ ለሁለት ቀን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ይዛችሁ ግቡ። እማማ «አልጠማኝም» ቢሉም በየሰዓቱ ይጠጡ። ወንዙ ውስጥ አዞ አለ። ልጅ ወደ ዳርቻው ብቻውን አይሂድ፣ ሳህንም እዚያ አይታጠብ። ፍል ውሃውም ደስ ይላል፣ ግን አንዳንዱ ቦታ ያቃጥላል፤ ስካውቱ ሳያሳይ ማንም እግሩን አይንከር። ዝንጀሮ ምግብ ካየ ድንኳን ይቀድዳል፣ ስለዚህ ምግብ በሙሉ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ለባለቤትሽም ይህን ንገሪው፤ ጅብም የሚመጣው የምግብ ሽታ ፍለጋ ነው። ሥጋና ፍርፋሪ በሌለበት፣ ዚፑ በተዘጋ ድንኳን፣ ስካውት አጠገብ ያደረ ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ያድራል እንጂ ሌላ አይገጥመውም።

አዋሽ የወባ አገር ነው። አጎበር ውሰዱ፣ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ ማንም ቢያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱና ቆላ እንደነበራችሁ ተናገሩ። ሌላው፣ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ አካባቢ ባሉት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ሰው እስከመፈናቀል ደርሶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ንዝረቱ አዲስ አበባም ተሰምቷል። ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ለፓርኩ ደውላችሁ ጠይቁ።

ባሌ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። ለዚህ ነው ሦስት ሌሊት ያልኩት። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘኑ ሰው አይሸሽም፤ ሻይ እየጠጣችሁ በአጠገባችሁ ሊያልፍ ይችላል። የባሌ አናት የሆነው የሳኔቲ አምባ 4,000 ሜትር ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ላይ ሆኖ መኪና ያስወጣል። በቀን ወጥታችሁ፣ ጅብራውን አይታችሁ፣ ቀይ ቀበሮው ፍልፈል ሲያደባ ጠብቃችሁ፣ ሳይመሽ ወደ ዲንሾ ውረዱ። እላይ አትደሩ። ከፍታ የሚያስቸግረው እማማን ነው ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ልብ በሉ፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን 2,800 ሜትር ላይ ኖረዋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቶሎ ሊይዘው የሚችለው ዝቅተኛ አገር የከረመው ወንድምሽ ነው። ከበረታበት መድኃኒቱ መውረድ ነው። የእማማን የሳኔቲ ነገር ግን ሐኪማቸው ይወስን። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላና ሽምብራ ግን አይበስልም፤ ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ ድርቆሽ ይዛችሁ ውጡ።

ስለ ውሻው ለልጅሽ እውነቱን ንገሪው፤ የ9 ዓመት ልጅ ይገባዋል። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ነው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው ያለው። በ2003 እ.ኤ.አ. ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ እዚያው ባሌ ዌብ ሸለቆ ገብቶ እዚያ ከነበሩት አብዛኞቹን ጨርሷል። ጓሳም ቀይ ቀበሮ ስላለ ውሻው እዚያም አይሄድም። «ውሻህን ጎረቤት ጋ ትተህ ስትሄድ ቀበሮውን እየጠበቅህ ነው» በይው። ከመሄዳችሁ በፊት ውሻውን ራሱ ይዞ ክትባት ያስወጋው።

አብያታ ሻላ ላይ ጥቂት ብቻ ልበል። ፍላሚንጎ ለማየት ወደ አብያታ ዳር ስትጠጉ መኪናውን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ነጩ መሬት ደረቅ ይመስላል፣ ከሥሩ ጭቃ ነው፣ ጎማ ይውጣል። በሻላ ዳር ያለው ፍል ውሃ እንፋሎቱ እየታየ ልጅ ይስባል፤ ትንሿን እጇን ያዙ። ለመዋኘት ላንጋኖ አለላችሁ።

መኪናውን በተመለከተ፣ ለሰባት ሰውና ለዚያ ሁሉ ጓዝ ሹፌር ያለው ሃይሩፍ ወይም ላንድ ክሩዘር ተከራዩ። ወንድምሽ ልንዳ ቢል እንኳ መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ይሻላል። ነዳጁ በማን ነው፣ የሹፌሩ አበልና ማደሪያ በማን ነው፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። ተቀያሪ ጎማውን አስወርዳችሁ ነፋሱን እዩ፣ ክሪኩ መኖሩን እዩ። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫነው ቀላል ነገር ይሁን፤ ውሃና ምግብ ከታች። ነዳጅ ግማሽ ሳይደርስ በየከተማው ሙሉ። ቴሌብር ላይም በእጅም ብር ያዙ፣ ሁሉም ሰው መታወቂያ ይያዝ። የመግቢያ ክፍያው ለዜጋና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ ወንድምሽ ያለውን ሰነድ ሁሉ ይዞ ይምጣ።

ልጆቹ ሥራ ይኑራቸው። ትልቋ የየቀኑን መንገድ ትመዝግብ። መካከለኛው የድንኳን ካስማ ይቁጠር፣ ሲነቀልም ሲተከልም። ትንሿ የእማማ ባትሪ ኃላፊ ትሁን።

አንድ አስቸኳይ ነገር ቀረ። ወንድምሽ ሻንጣውን ሳይዘጋ ይህን ዛሬውኑ ላኪለት። ሁለት ድንኳን፣ አንዱ ሰው ቆሞ የሚገባበት ከፍ ያለ ይሁን፣ ለእማማ ጉልበት። ለእያንዳንዱ ሰው የግንባር ባትሪ። ለልጆቹ የብርድ መኝታ ከረጢት። የውሃ ማጣሪያ። ግፊት መለኪያ። የምድጃ ጋዝ አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ እሱን ይተወው፣ ቡታጋዙን እዚሁ እናንተ ትገዛላችሁ። አጎዛውም ከናንተ ነው።